ማናበብ፦ ፈተናው የፈተነው የትኛውን ኮርስ ነው?

ሴሚስተር በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት በደብረ ማርቆስም ይሁን በሌላ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት ይታደላል፤ አሁን አሁን በቴሌግራም ይላካል። ኮርስ አውትላይን ይሉታል። አብዛኛው ተማሪ ከዚያ ወረቀት ላይ የሚፈልገው አንድ ቦታ ነው፦ ሚድ ስንት፣ ኩዊዝ ስንት፣ ፋይናል ስንት የሚለውን የመጨረሻውን ገጽ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህን ኮርስ ያጠናቀቀ ተማሪ…» ብሎ የሚጀምረው ዝርዝር ለወግ ያህል የተቀመጠ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ መምህርም ከቀድሞው አውትላይን ገልብጦ ሲያስቀምጠው ለወግ ያህል ነው።

ዛሬ የማስተዋውቀው ቃል የሚመለከተው በእነዚህ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን ዝምድና ነው። የትምህርት ባለሙያዎች ኮንስትራክቲቭ አላይንመንት ይሉታል፤ በአማርኛ «ማናበብ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። ፍቺው ቀላል ነው። ኮርሱ ተማሪውን ምን እንዲችል እንደሚያደርገው አስቀድሞ ይወሰናል፣ በክፍልና በመስክ ተማሪው ያንኑ እንዲሠራ ይደረጋል፣ ሲመዘንም በዚያው ይመዘናል። ዓላማ፣ ትምህርትና ምዘና ጎን ለጎን ሲነበቡ አንድ ነገር ከተናገሩ ኮርሱ ተናቧል፤ የተለያየ ነገር ከተናገሩ አልተናበበም።

ስሙን ያወጣለት ጆን ቢግስ የተባለ አውስትራሊያዊ የትምህርት ሥነ ልቦና ሊቅ ነው። በሆንግ ኮንግ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የሥነ ልቦና ኮርስ ያስተምር ነበር። የኮርሱ ዓላማ መምህራኑ የተማሩትን በየክፍላቸው እንዲሠሩበት ሆኖ ሳለ ፈተናው ግን ስለ ሥነ ልቦና ምን እንደሚያውቁ ብቻ የሚጠይቅ ሆነበት። ስለዚህ ፈተናውን ትቶ «ትምህርቱ ማስተማራችሁን እንዴት እንደለወጠው ማስረጃ ሰብስባችሁ አምጡ» አላቸው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ግራ ቢጋቡም ያመጡት ሥራ ከፈተና ወረቀት የተሻለ ሆኖ አገኘው። ይህን አሰራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ስም ሰጥቶ አስፋፋው። ከእሱ በፊት አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሥርዓተ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ ተቀራራቢ ነገር ብሎ ነበር። የቢግስ ጭማሪ ዐይኑን ተማሪው ላይ መትከሉ ነው። ተማሪ የሚያጠናው መምህሩ አስተምሬያለሁ ያለውን ሳይሆን ይመጣብኛል ብሎ የሚገምተውን ነው። «ይሄ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» የምትለዋን ጥያቄ የማያውቅ መምህር የለም።

ቃሉን ለምን ቃል በቃል አልተረጎምኩትም? «ገንቢ» የሚለው ቃል በአማርኛ ምግብንና አስተያየትን ይዞብናል፤ «ገንቢ ትይዩነት» ቢባል ሰሚው የሚመጣለት እንቁላልና ወተት ነው። የእንግሊዝኛው ስም የሚለው ግን እውቀትን የሚገነባው ራሱ ተማሪው መሆኑን ነው፤ ይህ ደግሞ በስሙ ውስጥ ባይገባ በማብራሪያው ይገባል። «መናበብ» በበኩሉ በቢሮም በኳስ ሜዳም የምንሠራበት ቃል ነው፤ አማካዩና አጥቂው ተናበቡ እንላለን። ለጎጃም ሰው ደግሞ ተጨማሪ ሥር አለው። በግዕዝ ሰዋስው ሁለት ስሞች ሲናበቡ የፊተኛው ለኋለኛው ሲል መጨረሻውን ይለውጣል፤ «ቤት» ከ«ክርስቲያን» ጋር ሲናበብ «ቤተ» ይሆናል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፈተናው ለዓላማው ሲል መልኩን ይለውጥ።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በጎዛምንም በማቻከልም፣ ገበሬው አሲዳማ አፈርን ያውቀዋል። የበዛው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስድና ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ገብሱና ስንዴው አልነሣ ይላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ግን አፈሩ መለካት አለበት። አንድ የአፈር ሳይንስ ኮርስ እናስብ፤ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት እንጂ የማንም ክፍል አይደለም። አውትላይኑ «ተማሪው የአንድን ማሳ አፈር ናሙና ወስዶ አሲዳማነቱን ይለካል፣ የሚያስፈልገውንም የኖራ መጠን ያሰላል» ይላል። ግሩም ዓላማ ነው። ትምህርቱ ግን በስላይድ ያልቃል። ፋይናሉ «ፒኤች ማለት ከሚከተሉት የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ነጥቡን እናስላው። ፋይናል 50፣ ሚድ 20፣ የቡድን አሳይመንት 15፣ ኩዊዝ 10፣ የመስክ ሥራ 5 ተይዟል እንበል። ሽምደዳ የሚያውቅ ተማሪ ከፋይናል 42፣ ከሚድ 17፣ ከአሳይመንት 13፣ ከኩዊዝ 8 ያመጣል። በመስኩ ቀን ታምሞም ይሁን ተኝቶ ቀረና ዜሮ ተሰጠው። ድምሩ 80 ነው፤ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን መለኪያ ኤ ማይነስ። ይህ ልጅ አፈር ሳይነካ፣ ከማሳው በተለያየ ቦታ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ናሙና ቀላቅሎ ሳይወስድ፣ አፈሩን በሁለት እጥፍ ተኩል ውኃ በጥብጦ መለኪያውን ሳያስገባ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ግን የአፈር ሰው ሆኗል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። የመጨረሻው ገጽ የነገረውን ሰምቶ ነው ያጠናው።

እንግዲህ ማናበብ ሲባል የመጀመሪያው እርምት ነጥቡን ማዘዋወር ነው። መስኩ ከ5 ወደ 30 ይውጣ፤ ፋይናሉም ትርጉም መጠየቁን ትቶ «ይህ የአንድ ማሳ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ምን ታዛለህ?» ይበል። ሁለተኛው ክፍሉ ነው፤ ተማሪው በፈተና የሚጠበቅበትን ነገር ከፈተናው በፊት ሠርቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ መሆን አለበት። ያላሠሩትን መፈተንም አለመናበብ ነው፤ ይህኛው እንዲያውም ግፍ አለበት።

ከአንድ ኮርስ ከፍ ስንል ነገሩ ይወሳሰባል። ለዲግሪ የሚጠየቀው ምንድን ነው? በአጭሩ፦ የጋራ ኮርሶች (ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያውን ዓመት የሚይዙት፣ ከክሪቲካል ቲንኪንግ እስከ ኢትዮጵያና አፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ)፣ የሜጀር ኮርሶች፣ ደጋፊና ምርጫ ኮርሶች፣ በየመካከላቸው ይህን ሳታልፍ ያንን አትወስድም የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች፣ ቢያንስ 2.00 የሆነ አጠቃላይ አማካይ ነጥብ፣ ያልተስተካከለ ኤፍ አለመኖር። በሥርዓተ ትምህርቱ መግቢያ ላይ ደግሞ «የምሩቅ መገለጫ» የሚባል ክፍል አለ፤ ተመራቂው ምን የሚችል ሰው እንደሚሆን ይዘረዝራል። የተናበበ ፕሮግራም ቢሆን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱን መስመር የሚሸከም ኮርስ በስሙ ሊጠራ ይችል ነበር።

የኮርስ ክብደትም የዚሁ አካል ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ የሞጁል አሠራር ሲስፋፋ ከአውሮፓ የመጣው ኢሲቲኤስ የተባለው ነጥብ ከክሬዲት አወር ጎን ገባ። ክሬዲት አወር በዋናነት የሚቆጥረው ክፍል ውስጥ የሚያልፈውን ሰዓት ነው፤ ኢሲቲኤስ ግን ተማሪው በጠቅላላ የሚደክመውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንም፣ አሳይመንቱንም፣ ጥናቱንም ይቆጥራል። በአውሮፓ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሲሆን የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ነጥብ ነው። በእኛ አውትላይኖች ላይ ባለ 5 ነጥብ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 135 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ ውስጥ የክፍሉ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ የቀረው የተማሪው የግል ሥራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ያ ሥራ ምን እንደሆነ ካልተነገረው ግን ሰዓቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ፈጽሞ ባዕድ አለመሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ሲያስመርቁ ኖረዋል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ያለፉት እነዚህን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች ነው። በቅኔ ቤት ዓላማው መቀኘት ነው፤ የዕለት ሥራውም መቀኘት ነው፤ ምዘናውም መቀኘት ነው። ተማሪው ሜዳ ላይ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳይጨብጥ ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማና ሥላሴ፣ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ አይሻገርም። የሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ የቀረበ ተማሪ ያፍራል እንጂ ነጥብ አያገኝም። ቢግስ ሊያስረዳ የደከመበት መናበብ እዚህ በተፈጥሮው አለ። ልዩነቱ ጊዜው ነው፤ ቅኔ ቤት ሰነፉን ዓመት ሁለት ዓመት ይጠብቀዋል፣ ዩኒቨርሲቲው ግን ሴሚስተሩን ዘግቶ ግሬድ ማስገባት አለበት። ስለዚህ የቅኔ ቤቱን አሠራር እንዳለ እንውሰድ ማለት ሮማንቲክነት ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን መውሰድ ይቻላል፦ መመዘኛው ራሱ ሥራው መሆኑን።

የመናበብ ጥያቄ ትልቅ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። በሕግ ትምህርት ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው የመውጫ ፈተና በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በየሙያው ተሰጠ። ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ክርክሩ ወዲያው ወደ ተማሪው ስንፍናና ወደ መምህሩ ድክመት ሄደ። እኔ ግን አሁንም የሚገርመኝ አራት ዓመት ሙሉ ያለፈ ሰው በአንድ ቀን ሊወድቅ የቻለበት ሰንሰለት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ ተጣጥሞ ይጻፋል። ትምህርቱ በየግቢው ይሰጣል። ሚዱንና ፋይናሉን መምህሩ ብቻውን ያወጣል። የመውጫው ፈተና እንደገና ከማዕከል ይመጣል። በመካከል ያሉት ሁለቱ ከዳርና ዳር ካሉት ጋር ካልተናበቡ ተማሪው አንዱን ኮርስ ተምሮ በሌላው ይፈተናል።

የመውጫ ፈተናውም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነጻ አይደለም። በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። ምርጫ ብዙ ነገር ሊመዝን ይችላል፤ በደንብ የተሠራ ጥያቄ ማሰላሰልንም ይጠይቃል። ናሙና የሚወስድ እጅን፣ ተማሪ ፊት የሚቆም መምህርን፣ ክስ የሚያዘጋጅ ጠበቃን ግን አያይም። የምሩቁ መገለጫ «ይችላል» ካለና ፈተናው «ያውቃል» ብቻ ከጠየቀ፣ ትልቁም ፈተና አልተናበበም ማለት ነው። መምህራን ተማሪውን ለመውጫው ብቻ ማዘጋጀት ከጀመሩ ደግሞ ያ ጉድለት ወደ ኋላ ተመልሶ እስከ አንደኛ ዓመት ይወርዳል።

ስለዚህ አውትላይን ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ግሦቹን እዩ። «ይገነዘባል»፣ «ይረዳል»፣ «ግንዛቤ ያገኛል» የሚሉት የማይታዩና የማይለኩ ናቸው፤ በእኛ አውትላይኖች ላይ የበዙትም እነሱ ናቸው። «ያሰላል»፣ «ይነድፋል»፣ «ያነጻጽራል»፣ «ይመረምራል» የሚሉት ግን ሲሠሩ ይታያሉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ግሥ ጎን የሚመዝነው ሥራ ምን እንደሆነና ስንት ነጥብ እንደተያዘለት ጻፉ። ባዶ የሚቀር መስመር ካለ መምህሩን በአክብሮት ጠይቁ፦ «መምህር፣ ይቺን በምን ነው የምንመዘነው?» መልሱን ከአደረጃጀት ጉዳይ ጋር የሚያያይዝ መምህር ሊኖር ይችላል፤ ክፍሉ ሞልቷል፣ ላቦራቶሪው ኬሚካል የለውም፣ መኪና አልተፈቀደም። እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀረው ዓላማውን በሚቻለው ልክ እንደገና መጻፍ ነው፤ ይህም የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ በአንድ ስብሰባ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው።