ዥንጉርጉር ፈረስና አባ ዳኘው

የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ጋዜጣው የፈረስ ወሬ አያጣም። ዘንድሮ ለእኔ የደረሰኝ ርዕስ ግን ወጣ ያለ ነው፤ የዥንጉርጉር ፈረስ እርባታ። ዳማውን፣ አምባላዩን፣ ቦራውንና ጉራቻውን ከአያቶቻችን ሰምተናል። እንደ ነብር ነጠብጣብ የጣለበት ፈረስ ግን በወጋችን ውስጥ ይህ ነው የሚባል ስፍራ ያገኘ አይመስልም።

በውጭው ዓለም ታሪኩ ሩቅ ነው። በፈረንሳይ ፔሽ ሜርል ዋሻ ግድግዳ ላይ የተሳሉት ባለ ነጠብጣብ ፈረሶች 25,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ሠዓሊው ያየውን ነው የሣለው ወይስ የተመኘውን? ሲባል ኖሮ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ሰው ከማላመዱ በፊት የኖሩ የ31 ፈረሶች ዘረመል ሲመረመር በስድስቱ ላይ የነጠብጣቡ ምልክት ተገኘ። ዴንማርኮች ደግሞ በ1812 እ.ኤ.አ. ክናብስትሩፕ በተባለ ርስት ከአንዲት ዥንጉርጉር ባዝራ ተነሥተው ዝርያ አቆሙ። ነጠብጣቡ መዘዝም አለው፤ ይህን የዘር ምልክት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ፈረስ በጨለማ አያይም።

ሌሊት የማያይ ፈረስ ይዞ የእንጦጦን ገደል የሚወርድ ማን ነው? ጋራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጭጋጉም አለ። ከጋራው ወዲያ ያለው የሰላሌ ፈረስ የተወደደው በእግሩና በትንፋሹ እንጂ በቆዳው አይመስለኝም። ተመራማሪዎች የአገሪቱን ፈረሶች ከሰላሌ እስከ ኩንዱዶ በስምንት ሲመድቧቸው አንዱንም በነጠብጣብ አልለዩትም። መኳንንቱ ለመንገድ በቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ እየተሳበ ይከተላል፣ ጉልበቱ ለፍልሚያ ይቆያል። ስለ እርባታው ይህን ያህል ካልን ይበቃል።

ከእርባታው ይልቅ የሚያከራክረው ጌታው የሚጠራበት የፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ። ስሙ የፈረሱ ነው የጌታው? አንዱ ወገን “ፈረሱ በጠባዩና በመልኩ ስም ያገኛል፣ ጌታው በእሱ ይጠራል” ይላል። ሌላው “ጌታው ሊሠራ ያሰበውን በፈረሱ ላይ ያውጃል” ባይ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ መባላቸው፣ ሻንቆ ጥቁር ነውና፣ ለፊተኞቹ ያደላል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. በፈረስ ስም ላይ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።

ምኒልክ ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ሸዋን፣ ኋላም እስከ 1906 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ገዙ። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመ አንድ ፈረስ ሊኖር አይችልም። ፈረሱ ይሞታል፣ ይተካል፤ ንጉሡ አባ ዳኘው እንደተባሉ ይኖራሉ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አራዳ ጊዮርጊስ ፊት የተመረቀው ሐውልትም እሳቸው ካረፉ ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራ ነው። ፈረሱ ነሐስ ነው፤ ዳማ ይሁን ጉራቻ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፣ አባ ዳኘው ያላለ ግን የለም።

የራስ መኮንን ቃኘው ደግሞ ከዚህም ይርቃል። አባ ቃኘው መኮንን በ1898 ዓ.ም. አረፉ። በ1943 ዓ.ም. ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮሪያ የላኩት ሻለቃ ጦር በዚያው የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። ሻለቃው እግረኛ ነበር።

የዘማቾቹ ትዝታ ዛሬም በእንጦጦ ግርጌ ኮሪያ ሰፈር በሚባለው መንደር ይነሣል። ከዚያ ሽቅብ፣ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ፣ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሑድ ፈረስ ይጋልባል። ዥንጉርጉር ፈረስ ከውጭ እናስመጣ የሚል ባለሀብት ቢነሣ፣ ወጪውን ለሰላሌ ባዝራዎች የዘር መዝገብ ቢያውለው እኔ እመርጣለሁ።