ጀፒ በዱቤ

ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ያለው ጎዳና በካርታው ላይ ራሂማ ሙሳ ይባላል። በ1956 የአፓርታይድን የይለፍ ደብተር ተቃውመው ወደ ፕሪቶሪያ ከተመሙት ሴቶች መሪዎች የአንዷ ስም ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ስንኖር ለምደነዋል።) ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ግን በዚህ ስም ሲጠራው የሰማሁት የለም። ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው በድሮ ስሙ፣ ጀፒ ብሎ ነው።

የኢትዮጵያውያኑ የንግድ ሰፈር የተጀመረበት ሕንፃ የሐኪሞች ነበር፤ ሜዲካል አርትስ የሚለው ስሙም አልለቀቀውም። አፓርታይድ አብቅቶ ሐኪሞቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲወጡ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ይከራዩዋቸው ጀመር። በሽተኛ ይታይበት የነበረው ክፍል ተሸንሽኖ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ጫማ ተሰቀለበት። ከዚያ ንግዱ ወደ ጎረቤት ሕንፃዎች ዘለቀ። ዛሬ ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክና ከማላዊ በአውቶቡስ የሚመጣ ቸርቻሪ የቻይናን ዕቃ ከእኛ ገዝቶ፣ ሻንጣውን አሳስሮ ይመለሳል።

የሀዲያና የከምባታ ልጅ ለምን እዚህ በዛ? ሆሳዕና ላይ ብትጠይቁ አንዱ የከምባታው ተወላጅ አቶ ተስፋዬ ሀቢሶ በደቡብ አፍሪካ አምባሳደር የነበሩበትን ጊዜ ያነሳላችኋል። ሌላው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማዋ ላይ የሰበከ ፓስተር የደቡብ መንገድ እንደሚከፈት መተንበዩን ይነግራችኋል። እኔም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ትንቢቱን አልነካም። በሩን የከፈተው ግን የ1998ቱ የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ ይመስለኛል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ካምፕ አይታጎርም፤ ጉዳዩ እስኪወሰን ከተማ ውስጥ ሠርቶ ያድራል። ለነጋዴ ሰው ከዚህ የበለጠ ትንቢት የለም።

እኔን የተቀበለኝ የአጎቴ ልጅ ነበር። የመንገድ ድካሙ ሳይወጣልኝ ጀፒ አንድ ሱቅ አስገባኝና ባለቤቱን፣ «ጋሼ፣ ወንድሜ ነው፤ በእኔ ስጡት» አላቸው። እሳቸውም የአባቴን ስምና ቀበሌያችንን ጠየቁኝ፤ መታወቂያ ያለኝ እንደሆነ ግን አልጠየቁም። መጋረጃና የአልጋ ልብስ ቆጥረው አሸከሙኝ። «ወር ሲያልቅ ሂሳብ ታመጣለህ» አሉኝ፤ በቃ፣ ሥራ ገባሁ።

ያን ዕቃ ተሸክሜ ሎኬሽን ለሎኬሽን ዞርኩ። ጥቁሮቹ የሚኖሩበትን ሰፈር ሎኬሽን ነው የምንለው። የማንኳኳው የእናቶችን በር ነው፤ እነሱም በዱቤ ይወስዳሉ፣ ደመወዝ ወይም የመንግሥት ድጎማ ሲገባ ይከፍላሉ። ጋሼ ራሳቸው ፎርድስበርግ ካሉት ቻይናውያን ጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ያነሱታል። እንዲህ ሆኖ ከቻይናዊው እስከ ሶዌቶዋ እናት ድረስ ሁሉም የሌላው ባለዕዳ ነው። እኔን ከከተማው ጋር ያላመደኝም ይኸው ዕዳ ነው። ዙሉ የለመድኩት ከእንግሊዝኛ ቀድሜ ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታና ቁጥር፣ ቀጥሎ «እባክሽ ክፈይኝ»። የትኛዋ እናት በስንተኛው ቀን ገንዘብ እንደምታገኝ ሳውቅ፣ የምኖርበትን አገር አወቅሁ።

የመጀመሪያው ገቢ መንገዱን ለከፈለልህ ዘመድ ይሄዳል። ከዚያ እቁብ ትገባለህ፤ እቁቡ ሲወጣልህ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ትከፍታለህ። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጠህ ዳቦና ስኳር ትሸጣለህ፤ ማታም እዚያው ትተኛለህ። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። በ2008 ከአሌክሳንድራ ሎኬሽን ተነስቶ አገር ባዳረሰው፣ በውጭ ሰዎች ላይ ባነጣጠረው ጥቃት 62 ሰዎች ተገድለዋል፤ በ2015 እና በ2019ም የውጭ ሰው ሱቅ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። ሱቁ ይዘረፋል እንጂ ዱቤው አይዘረፍም። የተቃጠለውን ብርድ ልብስ ሂሳብ ለዓመታት የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም ግን ዋሳቸውን አላሳፈሩም።

ሌላው ሌላው ተደላድሏል። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ዝማሬውም በሀዲይኛ። በመስከረም ያሆዴና መሳላ ሲደርስ ከአገር በሻንጣ የመጣ ቆጮ ይፈለጋል፤ ቅቤው ይወደዳል እንጂ አይጠፋም። ያልተደላደለው ወረቀቱ ነው። አሳይለም የምንለው የጥገኝነት ወረቀት ለጥቂት ወራት ይታደሳል፣ እንደገና ይታደሳል። ልጆቹ እዚህ ተወልደው በዙሉ እየተሰዳደቡ ሲያድጉ አባታቸው ዛሬም ማመልከቻው ያልተወሰነለት ሰው ነው።

ሆሳዕና ላላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በተላከ ገንዘብ የቆመውን ፎቅ በየቀኑ ታዩታላችሁ። በሞያሌ በኩል የሚወጣው መንገድ ግን ከዚያ አይታይም። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በተቆለፈ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2022 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሉሳካ ዳር የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። ስለዚህ ደላላው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ላለው ልጃችሁ ደውሉ። ስንት እንደሚያገኝ ተዉትና ስንት ዕዳ እንዳለበት ጠይቁት። «በእኔ ስጡት» የሚልበት ሱቅ ከሌለው ታናሽ ወንድሙን አትላኩበት።