የማሽላ አገሩ ወዴት ነው?

በ1958 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ስሙን ከአንዴም ሁለቴ እየለወጠ ከእኛ ዘመን ደርሶ በዚህ በ2018 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ስለሞላው፣ የዚህ ዓምድ ኃላፊ ስለ ምርምሩና ከጎረቤት አገሮች ጋር ስለተደረገው የእርሻ ትብብር አንድ ነገር እንድጽፍ አሳሰበኝ። ነገሩን ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዓለማያ ኮሌጅና ከኦክላሆማ ከመጡት መምህራን አንሥቶ መተረክ የተለመደ ፈለግ ነው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ አንባቢ ሲሰማው የኖረ ስለ ሆነ በዚያ ላደክመው አልፈቀድሁም። ይልቁንስ ወደ አሶሳ እንውረድ።

በመኸር ወራት ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከሰው ቁመት የላቀ ማሽላ በየማሳው ቆሞ ያያል። የበርታ ቤተ ሰብ ከባሚያ ወጥ ጋር የሚያቀርበው ገንፎ የሚገነፋው ከዚሁ እህል ነው፤ በአሶሳ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም ዝናብ ለሚበዛበት ለዚህ ቆላ የሚስማሙትን «አሶሳ-1»ንና «አዱካራ»ን ለገበሬው አውጥቶለታል። ከወሰኑ ማዶ ደግሞ ሱዳን ናት። በዚያም ያለው ገበሬ የሚዘራው፣ የሚያጭደውና የሚበላው ማሽላ ነው፤ «ዱራ» ብሎ ይጠራዋል እንጂ እህሉ አንድ ነው። ታዲያ ይህን የበረሓ ሣር ለመጀመሪያ ጊዜ አለዝቦ እህል ያደረገው የማን እጅ ነው? በዚህ ነገር ሊቃውንት አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር ድረስ ተከራክረዋል።

ክርክሩን የከፈተው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሰው በ1919 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ፊት ቀርቦና ፈቃድ ተቀብሎ፣ ደጋውን በበቅሎ እየዞረ ከየገበያውና ከየአውድማው እህል ሲለቅም ከርሞ በተመለሰ ጊዜ፣ ሐበሻን ለዓለም አዝርዕት ምንጭ ከሆኑት ጥቂት አገሮች አንዷ አድርጎ ጻፈ፤ ማሽላንም በዚያው መዝገብ አገባው። (ለሰው ልጅ ሁሉ ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሊቅ በ1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ እሥር ቤት በረኀብ መሞቱን ሳነብ፣ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት መቀመጥ ግድ ሆኖብኝ ነበር።) የእኛ ሰዎችም ቃሉን እንደ ሃይማኖት ይዘው፣ ማሽላ የኢትዮጵያ ልጅ ነው ሲሉ ኖሩ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን ተነሣና፣ የማሽላን ልደት ከደጋችን አውርዶ ወደ ሱዳንና ወደ ቻድ ሜዳ ወሰደው። ፍርዱን ያጠነከረው ማስረጃ ግን የተገኘው ከሸክላ ነው። ከከሰላ ብዙ በማይርቀው በኻሽም ኤል ጊርባ አካባቢ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተቆፍሮ የወጣ ገል ነበር፤ የጥንቱ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ሲያቦካ የእህል ገለባ ቀላቅሎበት ኖሮ፣ ገለባው በእሳት ቢጠፋም ቅርጹ በገሉ ላይ ታትሞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ያን አሻራ መርምሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ባለው ዘመን በዚያ ስፍራ የነበሩ ሰዎች ማሽላን ማልመድ መጀመራቸውን አስረዳ። ገል ለማንም አያደላም። ደግሞስ ያን ሜዳ የሚያጠጣው አትባራ የሚወርደው ከየት ነው? ከእኛው ተራራ አይደለምን?

ከዚህ ክርክር ለአሶሳ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ቅርንጫፍ አለ። ሃርላንና ባልንጀሮቹ የማሽላን ዘር በአምስት ነገድ ከፍለውት ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ «ካውዳቱም» የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ነገድ በአፍሪካ የሚገኝበት ስፍራ በዚያ ዘመን «ቻሪ-ናይል» ይባሉ የነበሩት ቋንቋዎች ከሚነገሩበት ስፍራ ጋር እንደሚገጥም አስተዋሉ፤ በርታ ደግሞ በዚያ አቆጣጠር ከቻሪ-ናይል ቅርንጫፎች አንዱ ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ያን ስም ከተዉት ብዙ ጊዜ ቢሆናቸውም፣ ነገሩን እንደ ተራ ግጥምጥም አድርጎ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የአሶሳ አረጋዊት እናት ለዘር ብላ ከጢስ በላይ የምትሰቅለው የማሽላ ራስ፣ ከማንኛውም ዜና መዋዕል በፊት የተጻፈ ታሪክ መስሎ ይታየኛልና።

የዚሁ የካውዳቱም ወገን የሆነና «ዘራ ዘራ» የተባለ ማሽላ በኢትዮጵያ ምዕራብና በሱዳን ምሥራቅ ወሰን ላይ ይበቅላል። ከኢትዮጵያ ሄዶ በአሜሪካኖች መዝገብ ቁጥር የተሰጠው አንድ ዘራ ዘራ በቴክሳስ ከሌላ ማሽላ ጋር ተዳቅሎ «ቢቲኤክስ 623» የሚባለውን ዝርያ አስገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የማሽላ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ተነብቦ ሲታተም፣ የተነበበው የዚህ ዝርያ ነው።

የታሪኩ ሰው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በወሎንኮሚ ጎጆ ተወልዶ፣ እናቱ ለትምህርት የሰጠችው ገቢሳ እጀታ፣ በጅማና በዓለማያ ተምሮ እንደ ጨረሰ፣ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ጆን አክስቴልን ማሽላ በመሰብሰብ ረዳ። አክስቴልና ባልደረባው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበዛበት ማሽላ ከወሎ በመጣ ዘር ውስጥ ማግኘታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ የወሎ ሕዝብ በረኀብ ባለቀበት በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ገበሬው ግን የዚህን ወገን ማሽላ ላቦራቶሪ ሳይሻ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ገቢሳ አክስቴልን ተከትሎ ወደ ፐርዱ ሄደና በ1978 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሆኖ፣ በማግሥቱ ዓመት ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የእርሻ ምርምር ተቋም በሱዳን ሥራ ያዘ። በ1983 እ.ኤ.አ. ከእጁ የወጣው «ሀጂን ዱራ-1»፣ ትርጉሙ ድቅል ማሽላ፣ ድርቅን የሚችል ሆኖ ከአገሬው ማሽላ ምርት እጅግ በለጠ። የዚህ ድቅል እናት ማን ናት ቢሉ፣ ያችው የቴክሳሷ 623 ናት። ስለዚህ «የእኛ ልጅ ስለ ምን ለሰው አገር ይሠራል?» ብሎ የሚያጉረመርም ቢኖር፣ መልሱ ቀላል ነው፤ ከወሰናችን የሄደ ዘር በቴክሳስ ዞሮ፣ በኢትዮጵያዊ እጅ ወደ ወሰኑ ማዶ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ከተፈረሙት የትብብር ውሎች ሁሉ ይልቅ እኔ ትብብር የምለው ይህን ነው።

ስለ አሶሳ የተጻፈውን የድሮ ነገር ብናገላብጥ የምናገኘው ወርቅ ብቻ ነው። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወደ ፋዞግሊ የወጣው ለወርቅና ለባሪያ ነበር፤ የአሶሳው ባላባት ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰንም ስማቸው የሚነሣው በወርቅ ነው፤ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውልም፣ መስመሩን ሲያሰምር የማሽላውን ማሳ አልጠየቀም። ኩርሙክም በወዲህና በወዲያ ሁለት ሆና ቀረች። ወርቁን የቆፈሩት ሰዎች ምን በልተው ቆፈሩ? ጸሓፍቱ አልጠየቁም።

የቅርቡ ዘመን ትብብርም ማሽላን እንደ እንጀራ ልጅ ነው ያየው። እ.ኤ.አ. በ1994 የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች አሳሬካ የተባለውን የምርምር ማኅበር መሠረቱ፤ ኢትዮጵያና ሱዳንም ገቡበት። በዓለም ባንክ ብድር በተሠራው የምሥራቅ አፍሪካ የእርሻ ምርታማነት ፕሮጀክት ግን ለኬንያ ወተት፣ ለኡጋንዳ ካሳቫ፣ ለታንዛንያ ሩዝ፣ ለእኛም ስንዴ ደረሰና ቁሉምሳ ማዕከል ሆነ። ለማሽላ ዕጣ አልወጣለትም። ደግነቱ አሳሬካ በተመሠረተበት በዚያው በ1994 እ.ኤ.አ. አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ስምንት ቶን የማሽላ ዘር ከእነ ገቢሳ ምርምር ወጥቶ፣ ኢትዮጵያና ሱዳን ለሚገኙባቸው ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፍሎ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያስገኙለትም ይህ ሥራና ድርቅን የሚችለው ድቅል ማሽላ ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ጊዜው ሌላ ነው። ገቢሳ የሠራበት ከተማ ዋድ መዳኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተይዞ፣ በዚያ የነበረው የሱዳን የዘር ባንክ ተዘረፈ፤ ከጦርነቱ የሸሸው ገበሬም በኩርሙክ በኩል ገብቶ በአሶሳ ዞን ተጠልሎአል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመኖች ርዳታ የተቋቋመው የእኛ ባንክ ግን እንደ ቆመ አለ። የዚህ ባንክ ሹማምንት ከወሰኑ አካባቢ የተሰበሰበውን ማሽላ ከመደርደሪያው አውጥተው፣ በአሶሳ ማዕከል አባዝተው፣ ለስደተኛውም ለአስተናጋጁም በርታ ቢያድሉ፣ ሱዳንም ሰላም ስታገኝ ዘሯን ቢመልሱላት ምን ያግዳቸዋል? በአሶሳ ማሽላ የሚዘራው ዝናቡ ሲገባ በግንቦትና በሰኔ ነውና፣ የሚታሰብ ነገር ካለ ከዚያ በፊት ይታሰብ።