መለኪያ ያላገኘው ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1991 በተካሄደው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወደ 700,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ዘምተዋል። ከተመለሱትም መካከል ብዙዎቹ ምክንያቱ ባልታወቀ የጡንቻ ሕመም፣ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ይሠቃዩ ጀመር። ራጅም ሆነ የደም ምርመራ ጉድለት ባለማሳየቱ፣ የካሣ ጥያቄ ያቀረቡ ብዙዎች ማስረጃ የላችሁም ተባሉ።

በ1994 ኮንግሬስ ምንነቱ ላልታወቀ ሕመም ካሣ እንዲከፈል ደነገገ። ይሁን እንጂ ሐኪም ሕመሙን «ፋይብሮማያልጂያ» ብሎ ሲሰይመው ምንነቱ እንደታወቀ ስለሚቆጠር፣ በሽተኛው ከድንጋጌው ውጭ ይሆን ነበር። በ2001 የወጣው ሕግ ግን ፋይብሮማያልጂያን በስም ጠቅሶ፣ ሕመሙ ከግዳጁ የመጣ መሆኑን የማስረዳትን ሸክም ከዘማቹ ትከሻ አነሣ።

እኛ መሐንዲሶች በመለኪያ እናምናለን፤ ማመናችንም ተገቢ ነው። ሆኖም መሣሪያው ያላሳየውን ሁሉ የለም ብንል በሰው ላይ ምን ያህል በደል ሊደርስ እንደሚችል ይህ የአሥር ዓመት ታሪክ ያስገነዝበናል።