ሦስት ወዳጆችና አንዲት ሞተር ብስክሌት

(በሬድዮ የተነገረ)



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። የተረቱን እውነትነት የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ሎሚው በምን ውልና በማን ኃላፊነት እንደሚከፈል ተረቱ አይነግረንም። ብዙ ማኅበር በወዳጅነት ተጀምሮ በክርክር የሚፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወዳጆች በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ ሐሳቡ ይሰፋል፥ ተስፋውም ይበዛል፤ ገንዘብ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያልሆነበትን አንድ ታሪክ ዛሬ እናቀርብላችኋለን። ታሪኩ የሦስት ኢጣልያውያን ወዳጆች ነው፤ ያሰቡትም ሥራ ሞተር ብስክሌት ሠርቶ በእሽቅድምድም መፈተን ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርሎ ጉዚ፥ ጆርጆ ፓሮዲና ጆቫኒ ራቬሊ የተባሉ ሦስት ወጣቶች በኢጣልያ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ውስጥ ተዋወቁ። ጉዚ በ1889 ዓ.ም. የተወለደ የሞተር ባለሙያ ነበር፤ ሐሳብ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። ፓሮዲ አብራሪ ሲሆን የጄኖዋ ከተማ የመርከብ ባለቤቶች ልጅ ነበር። ራቬሊም አብራሪ ነበር፤ ከጦርነቱ አስቀድሞም በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ሦስቱም ሰላም በሆነ ጊዜ አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ጉዚ ሞተሩን ይሠራል፥ ፓሮዲ ገንዘቡን ያስገኛል፥ ራቬሊ ደግሞ እየነዳ በውድድር ስሙን ያስጠራዋል ተባለ። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ለብቻው ቢቀር ሥራው የማይሆን ነበር።

ጦርነቱ እንዳበቃ ጆርጆ ፓሮዲ ለአባቱ ለኤማኑኤሌ ቪቶርዮ ፓሮዲ የወዳጆቹን ሐሳብ ገልጦ ርዳታ ጠየቀ። አባትዮውም በጥር ወር 1919 ዓ.ም. በጻፉት ደብዳቤ መልስ ሰጡ። ቃሉ ባጭሩ ሲገለጥ ይህ ነው፤ ለሙከራው ከ1,500 እስከ 2,000 ሊሬ እንደሚሰጡ፥ ከዚህም ቍጥር ፈጽሞ ማለፍ እንደማይቻል፥ ሥራውን ራሳቸው መርምረው ደስ ካላቸው ግን ያለ ገደብ ወደ ፊት ለመራመድ ዝግጁ መሆናቸውን አስታወቁ። በመዝገብና በደብዳቤ መካከል የምትውል አንባቢ ሆይ፥ ይህን ደብዳቤ ተመልከተው። ልግስና አለበት፤ ገደብ አለበት፤ ምርመራም አለበት። አባት ለልጁ ሲሰጥ እንኳ ከሦስቱ አንዱን አላጐደለም።

ነገር ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ከሦስቱ አንዱ ጐደለ። ራቬሊ በዚያው በ1919 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጦርነቱን በሕይወት ካለፈ በኋላ በሰላም ጊዜ መሞቱ ወዳጆቹን ምን ያህል እንዳሳዘናቸው መገመት አያስቸግርም። የሚነዳው ሰው ከሞተ ውሉም አብሮ ሞቷል ብለው ቢተዉት የሚወቅሳቸው አልነበረም። እነርሱ ግን አልተዉትም። ስለ ወዳጃቸውም መታሰቢያ የአየር ክፍላቸውን ምልክት፥ ክንፉን የዘረጋውን ንስር፥ የሥራቸው ማኅተም አደረጉት። ያ ንስር እስከ ዛሬ ድረስ በቤንዚን ማጠራቀሚያው ላይ ይታያል።

መጀመሪያ የተሠራችው የሙከራ ሞተር ብስክሌት በጉዚና በፓሮዲ ስም መነሻ ፊደላት ጂ.ፒ. ተብላ ነበር። በኋላ ግን እነዚህ ፊደላት የጆርጆ ፓሮዲም ስም መነሻ ስለ ሆኑ፥ ሥራው የባለ ገንዘቡ ብቻ እንዳይመስል ሲባል «ሞቶ ጉዚ» የሚለው ስም ተመረጠ ይባላል። ገንዘብ ያወጣው ወገን ስሙን ለሠራተኛው መልቀቁ በየጊዜው የሚገኝ ነገር አይደለም። ማኅበሩ በመጋቢት ወር 1921 ዓ.ም. በጄኖዋ በሕግ ተመሠረተ፤ ፋብሪካውም በኮሞ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በማንዴሎ ተተከለ። ጉዚ በማኅበሩ ውስጥ የገንዘብ ድርሻ ስላልነበረው፥ ከፋብሪካው ለምትወጣው ለእያንዳንዷ ሞተር ብስክሌት የተወሰነ ክፍያ እንዲያገኝ ተደረገ።

ስለ ሞተሩም ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ሲሆን እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ የቆመ ሳይሆን ወደ ፊት የተጋደመ ነበር። ስለዚህም ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ይቀዘቅዛል፤ ክብደቱም ወደ መሬት ዝቅ ስለሚል መንገድ ላይ ጸንቶ ይሄዳል። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 88፥ የፒስተኑ ምልልስ 82 ሚሊ ሜትር፥ ይዘቱም 500 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ከሞተሩ ውጭ የሚሽከረከር ከባድ የብረት መንኰራኵር ስለ ነበረውም አካሄዱ ዝግተኛና የተስተካከለ ሆነ። የሙከራዋ ሞተር ብስክሌት አራት ቫልቭ ነበራት፤ ለጊዜው እጅግ የረቀቀች ነበረች፤ ግን ዋጋዋ የሚቀመስ አልሆነም። ጉዚም የሚወደውን ሥራውን ትቶ በሁለት ቫልቭ የምትሠራ፥ ስምንት የፈረስ ጉልበት ያላትን «ኖርማሌ»ን አወጣ። በመጀመሪያው ዓመት የተሠሩት 17 ብቻ ነበሩ። ባለሙያ የልቡን ምኞት ለገዢው አቅም ሲያስገዛ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምኞቱም ጠፍቶ አልቀረም፤ አራቱ ቫልቭ ለእሽቅድምድም በተሠራችው ሞተር ብስክሌት ላይ ተመልሶ መጣና በ1924 ዓ.ም. በሞንዛ በተደረገው የአውሮፓ ውድድር ጉዶ ሜንታስቲ አሸነፈባት።

በዚያ ዘመን እሽቅድምድም ጨዋታ ብቻ አልነበረም። መንገዱ አቧራና ኰረት ስለ ነበረ፥ ገዢው የሚያምነው ከነጋዴው ቃል ይልቅ ረዥሙን መንገድ ሳትሰበር የጨረሰችውን ሞተር ብስክሌት ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከሚላኖ እስከ ናፖሊ በተደረገው ውድድር ሁለቱ ጉዚዎች 20ኛና 21ኛ ወጡ። ይህ የሚያኰራ ቍጥር አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ደረሱ። በዚያው ዓመት በሲሲልያ በተደረገው በታርጋ ፍሎርዮ ውድድር ጂኖ ፊንዚ አንደኛ ወጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በማን ደሴት የደረሰባቸው ነገር ነው። ይህች ደሴት በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል የምትገኝ ስትሆን የዓለም ታላላቅ ነጂዎች በየዓመቱ የሚፈተኑባት ናት። በ1926 ዓ.ም. ፒዬትሮ ጌርሲ በ250 ሳንቲ ሜትር ኩብ ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ወዲያው ግን ከውጤቱ ተሰረዘ። ጥፋቱ ምን ነበር ቢሉ፥ በሞተሩ ላይ የተገኘው ካንዴላ በማመልከቻው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ፋብሪካ የወጣ አልነበረም። ካንዴላው የሰጠው ጥቅም ይኑር አይኑር ዳኞቹ አልመረመሩም፤ ወረቀቱና ዕቃው አለመስማማታቸው በቂ ነበር። (እግረ መንገዳችንን ለማስታወስ ያህል፥ በጋራዦቻችን የሚነገሩት ካንዴላ፥ ሞላ፥ ካቻቢቴ የተባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው።)

ማንዴሎዎች ይህን በደል ቈጥረው አልቀሩም፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በ1928 ዓ.ም. የካርሎ ወንድም ጁዜፔ ጉዚ የኋላ እግሯ በሞላ የተደገፈ አዲስ ሞተር ብስክሌት ይዞ ከኢጣልያ እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ምድር ተጓዘ። ብዙ ባለሙያዎች ግን የኋላ ሞላ ለፈጣን ውድድር አይበጅም ይሉ ነበር። በ1935 ዓ.ም. አየርላንዳዊው ስታንሊ ዉድስ በዚሁ ዓይነት በተሠሩ ጉዚዎች በማን ደሴት ሁለት ውድድር አሸነፈ። በትልቁ ውድድር የጉዚ ሰዎች በመጨረሻው ዙር መግቢያ ላይ ቤንዚን ለመሙላት የተዘጋጁ መስለው ቈሙ፤ ዉድስ ግን ሳይቈም አለፈ። ተወዳዳሪዎቹ በየተራ ይነሡ ስለ ነበር፥ ቀድሞ የገባው ጂሚ ገትሪ አሸናፊ ነህ ተብሎ የደስታ መግለጫ ይቀበል ጀመር፤ ሰዓቱ ሲቈጠር ግን ዉድስ በአራት ሰከንድ በልጦ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ1937 ዓ.ም. በማን ደሴት ያሸነፈው የመጀመሪያው ኢጣልያዊ ኦሞቦኖ ቴኒ በ1948 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ለውድድር ሲለማመድ ወድቆ ሞተ። ሞተሩ በፈጠነ ቍጥር አደጋውም ወጪውም ከፍ አለ። ኢንጂነር ጁልዮ ካርካኖ በ1955 ዓ.ም. ለሙከራ ያቀረባት 500 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ብስክሌት ስምንት ሲሊንደር ነበራት። ከ1949 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ የጉዚ ነጂዎች ስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነዋል። በዚያው ጊዜ ግን ርካሽ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ወጥተው የሞተር ብስክሌት ገበያ ቀዘቀዘ። በግንቦት ወር 1957 ዓ.ም. ደግሞ በሚሌ ሚልያ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሁለቱን ተሳፋሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ገደለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉዚ፥ ጂሌራና ሞንድያል የተባሉት ሦስት ፋብሪካዎች በአንድነት ከዓለም ውድድር ወጡ። በድል ላይ ሳሉ ማቆም ከመሸነፍ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ የአባትዮው ደብዳቤ ግን ገደብን ያስተማረው ገና ከመነሻው ነበር።

ጆርጆ ፓሮዲ በ1955 ዓ.ም.፥ ካርሎ ጉዚም በ1964 ዓ.ም. ዐረፉ። የተጋደመው ነጠላ ሲሊንደር ግን በ88 በ82 ልኩ እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ መሠራቱ አልቀረም። ዛሬም ያረጁትን ጉዚዎች ገዝተው፥ ፈትተውና ገጥመው የሚያሽቀዳድሙ ወዳጆች በብዙ አገር ይገኛሉ። በኢጣልያም ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የጥንቱ የሚላኖ-ታራንቶ መንገድ በአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች እንደ ገና ይጓዙበት ጀምሯል። ከእነዚህ ወዳጆች መካከል አንዱ ሞተር ያውቃል፥ ሁለተኛው ዕቃ ያፈላልጋል፥ ሦስተኛው ይነዳል። የጥንቱ ክፍፍል ይኸው ነው።

እንግዲህ ወዳጆችህን ይዘህ አንድ ሥራ ለመጀመር ያሰብህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምትወስደው ይህን ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ የሚሰጠውን ለይ፤ ቀጥሎ የገንዘቡን ገደብ በጽሑፍ አኑር፤ የሚሠራውም ሰው ድርሻው በግልጥ ይታወቅ። ከመካከላችሁ አንዱ ቢጐድል ደግሞ ስሙን አትርሱ። ወዳጅነት ሥራን ያስጀምራል፤ ሥራውን ከወዳጆቹ ዕድሜ አሳልፎ የሚያኖረው ግን የተጠበቀ ውል ነው።