የእንግሊዝ አሮጌ መኪና፣ አዲሱ ሞተርና ፍሬኑ



ለዘንድሮው መጽሔት ጥቂት ቃል እንድጽፍ ስታዘዝ ስለ እንግሊዝ አሮጌ መኪኖች ታሪክ መረጥሁ። በጽሕፈት ሥራ ዘመኔ የመኪና ሊብሬና የነዳጅ ኩፖን ከእጄ ተለይተው አያውቁም ነበርና ነው። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ከዕድራችን ጋር የሚገናኝበት አለው፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ወደ አገራችን ከገቡት የመጀመሪያ አውቶሞቢሎች አንዱ የእንግሊዝ ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና በጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። የመኪና መንገድ በሌለበት ዘመን በረሃውንና አቀበቱን አልፋ አዲስ አበባ መድረሷ ራሱ ጉድ ነው። የዕቃውን ስም ያወረሱን ግን ጣሊያኖች ናቸው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ የምንለው ሁሉ ከነሱ የመጣ ነው። የእንግሊዝ መኪና እንኳ በኛ ጋራዥ የሚፈታው በጣሊያን ቃል ነው።

ከእንግሊዝ መኪኖች ለገጠር የተመቸው ላንድሮቨር ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ከተማ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበረ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። ስለዚህ ቆርቆሮው ዛሬም ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ዝገት ይበላዋል። በኛም አገር በ1962 ዓ.ም. የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ የምንለው፣ ሥራ በጀመረበት ዘመን ላንድሮቨር በመሥሪያ ቤት ግቢ የተለመደ መኪና ነበር።

አሮጌ መኪናን በአዲስ ሞተር ማደስ በእንግሊዝ አገር የሀብታም ሥራ ሆኗል። ጃጓር ኢ ታይፕ የምትባለው የውድድር መልክ ያላት መኪና እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ልዑል ሃሪ ሲያገባ ሙሽሮቹ ማታ ወደ ግብዣው የሄዱት በ1968 በተሠራች ጃጓር ነበር፤ ውስጧ ግን የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ሆና ነበር።

የኛ ሰው ግን የሚያድሰው ለጌጥ አይደለም፤ መለዋወጫ ስላጣ ነው። የእንግሊዙ ሲጠፋ ከጃፓን መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር ይገጠማል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማቆየት ግድ ሆኗል። ማደሱ መልካም ነው፤ መካኒኮቻችንም ሊመሰገኑ ይገባል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ አዲስ ሆኖ ፍሬኑ የአያት ከሆነ መኪናው ታደሰ አይባልም። የቀድሞው ላንድሮቨር አራቱም እግር የታምቡር ፍሬን ነው፤ ዘይቱም በአንድ መስመር ስለሚሄድ ቱቦው አንድ ቦታ ቢያፈስ ሁሉም ይለቃል። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 አዲሱን ሞዴል ሲያወጣ ባሌስትራውን በሞላ ለውጦ፣ ለፊት እግር ዲስክ ፍሬን አድርጎለታል። ሠሪው ያሰበበትን እኛ ለምን እንተወዋለን?

ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚወርደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ቁልቁለት ሰውና ጭነት ሞልቶ የሚወርድ መኪና የሚያስፈልገው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የሚያቆመው ነገርም ነው። ፍሬን ሲበጠስ ድንኳኑን የምንተክለው፣ ለቅሶ የምንቀመጠው እኛው ነን።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ አባላት፣ ሞተር ስታስለውጡ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ፍሬኑንና ቱቦውን አብራችሁ አስለውጡ። ሁለተኛ፣ መሪውንና የሻንሲውን ዝገት አስመርምሩ። ሦስተኛ፣ ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለና አዲሱን የሞተር ቁጥር ቶሎ አስመዝግቡ፤ ወረቀትና ዕቃ ካልተስማሙ አደጋ በደረሰ ቀን ክርክሩ የሚተርፈው ለባለቤቱና ለልጆቹ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ለፍሬን የሚወጣ ገንዘብ አይቆጫችሁ።

ዕድራችን ከለቅሶ ይልቅ ለደስታ የምንሰበሰብበት ዓመት ይሁንልን።