የውጭ አገር ጉዲፈቻ ሰነድና የሕክምና ምርመራ፦ ምንነታቸውና ዛሬም ያላቸው ዋጋ

ጉዲፈቻ በሥጋ ያልወለዱትን ልጅ በሕግ ፊት እንደ ወለዱት አድርጎ መቀበል ነው። ቃሉ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ሲሆን፣ ሥርዓቱን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በዝርዝር ደንግጎታል። ሕጉ የውጭ ዜጎችም ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን እንዲወስዱ ይፈቅድ ስለነበር በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው ማሻሻያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ እንዲቀር ተደርጓል።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት የተሞሉት ወረቀቶች ዛሬም ይፈለጋሉ። ባሕር ማዶ ያደጉ ልጆች ወላጆቻቸውን፣ በገጠር የቀሩ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ሲፈልጉ መነሻቸው እነዚሁ ሰነዶች ናቸው። በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ልጅ ለሚሰጡና ለሚቀበሉ ወገኖችም ከቀድሞው አሠራር የሚወሰድ ትምህርት አለ።

ሰነዱ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው

የመጀመሪያው ወረቀት የሚጻፈው ልጁ በተወለደበት ወይም በተገኘበት አካባቢ ነበር። ወላጆቹ ሞተው ከሆነ የሞት ማስረጃ፣ በሕይወት ካሉና ከታወቁ የስምምነት ቃላቸው፣ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ደግሞ መቼና የት እንደተገኘ የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ይቀርባል። ከዚያም ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ሚኒስቴር አሳዳጊዎቹ ልጁን ለማሳደግ ብቁ ስለመሆናቸው አስተያየት ይሰጣል፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ጉዲፈቻው ለልጁ የሚበጅ መሆኑን መርምሮ ያጸድቃል። በውሳኔው መሠረት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና በመጨረሻም ቪዛ ይወጣል።

ከአሳዳጊዎቹ በኩል የጋብቻ ማስረጃ፣ የገቢ ማረጋገጫ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የጤና ምስክር ወረቀትና ባለሙያ ቤታቸውን ጎብኝቶ ያዘጋጀው ጥናት ይጠየቅ ነበር። ልጁ ከሄደም በኋላ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ስለ አስተዳደጉ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር።

በዚህ ረጅም መንገድ ውስጥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በአብዛኛው ከፊተኛው ወረቀት ላይ ይገለብጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ በጽሑፍ የገባ ስሕተትም ይወረሳል። በቀበሌ ደረጃ እናቲቱ «የት እንዳለች አትታወቅም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ ቃል ሳይመረመር ከፍርድ ቤት እስከ ኤምባሲ ሊደርስ ይችላል። ልጁም አድጎ ሲጠይቅ የሚያገኘው ያንኑ ነው።

የፊርማው ትርጉም

በባህል የሚታወቀው ልጅን ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ሰጥቶ ማሳደግ ዝምድናን ያሰፋል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስ ወይም ዜናው እንደማይጠፋ አስበው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። በተቀባዮቹ አገሮች ሕግ ግን ጉዲፈቻ የወላጅነት መብትን ሙሉ በሙሉ ያስተላልፋል። በእኛም የቤተሰብ ሕግ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር ባይቋረጥም፣ ምርጫ ሲያስፈልግ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጉዲፈቻ ቤተሰቡ ነው። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻም ልጁ እንደ ባሪያ እንደ መያዝ ያለ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር አይሻርም። እንግዲህ ከፊርማ ወይም ከጣት አሻራ በፊት ሰነዱ በሚገባ ቋንቋ ተነቦ መሰማቱ ዋና ነገር ነው።

የዕድሜ ጉዳይ

በሰነዶቹ ላይ በቀላሉ የሚሳሳተው የልደት ቀን ነው። አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ቀኑ 1/1/2000 ተብሎ ተጽፎ ሳይቀየር በውጭ አገር ከተነበበ ግን ልጁ በወረቀት ላይ 7 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ያረጃል። ይህም የትምህርት ክፍሉን፣ የክትባት መርሐ ግብሩንና የመድኃኒት መጠኑን ያዛባል።

የልደት ቀን በማይታወቅበት ጊዜ ሐኪሞች ጥርስን ያያሉ፤ የእጅ አንጓን በራጅ ያነሣሉ። ውጤቱ ግን ግምት ነው። በምግብ እጥረት የቆየ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ስለሚያድግ ከዕድሜው ያነሰ ሊመስል ይችላል። እናት «በአጨዳ ሰሞን» ወይም «በጥምቀት ማግሥት» ብላ የምትሰጠው ምስክርነት ከራጁ ይልቅ ለእውነቱ ሊቀርብ ስለሚችል በጽሑፍ መያዝ አለበት።

የሕክምና ምርመራው የሚለውና የማይለው

ለጉዲፈቻ የታሰበ ልጅ በአብዛኛው የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የቂጥኝ፣ የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ምርመራ ይደረግለታል። ክብደቱ፣ ቁመቱና የራሱ ዙሪያም ይለካል።

የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርተውን መከላከያ ነው። ይህ መከላከያ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ እስከ 18 ወር ድረስ በሕፃኑ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን በፈጣን ምርመራ «ፖዘቲቭ» መባሉ ተይዟል ማለት አይደለም፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የፒ ሲ አር ምርመራ ያስፈልገዋል። ቫይረሱ የተገኘበት ልጅም ቢሆን መድኃኒቱን በወቅቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ ከወሰደ ያድጋል፣ ይማራል። አሜሪካም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ደንብ በ2002 ዓ.ም. አንሥታለች።

የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ከተወጋ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል። ሰውነቱ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ በሽታው እያለበት ውጤቱ ነፃ ሊል ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ልጁ በቅርቡ ተይዞ ከሆነ ላያሳይ ይችላል። በመሆኑም ልጁ አዲሱ ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ምርመራው እንዲደገም ይመከራል። የሰገራ ምርመራም በተለያዩ ቀናት በተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ቢታይ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

ለቪዛ የሚደረገው ምርመራ ከዚህ የተለየ ነው። ኤምባሲው የመረጣቸው ሐኪሞች ያካሂዱታል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ለ6 ወር ብቻ ያገለግላል። ዓላማው ተላላፊና ከባድ በሽታዎችን መለየት እንጂ የልጁን ጤና በሙሉ መመርመር አይደለም። ለምሳሌ ከ10 ዓመት በታች የሆነ የጉዲፈቻ ልጅ፣ አሳዳጊዎቹ አሜሪካ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ክትባት እንደሚያስጀምሩት ፈርመው፣ ክትባቱን ሳይጨርስ ቪዛ ያገኛል። ስለዚህ ቪዛ ማግኘት ልጁ ፍጹም ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

የደም ምርመራ ቢሳሳት በሌላ ቀን ይደገማል። የእናት ስም፣ የአባት አገር፣ የወንድምና የእኅት ቁጥር፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያለ የዘር በሽታ ግን በመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ በላቦራቶሪ አይገኝም።

አሁን ሊደረግ የሚገባው

የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በቀበሌ ይከናወናል፤ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባል። ጉዲፈቻም በዚሁ ሕግ የሚመዘገብ ኩነት ነው። በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ የሚቀበል ቤተሰብ የልጁን የክትባት ካርድ፣ ያለፉ የምርመራ ውጤቶች ከነቀናቸው፣ ወላጆቹ የሰጡትን ቃልና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ ከልጁ ጋር መረከብ አለበት። የኤች አይ ቪ ውጤት ምስጢር ስለሆነ ለጎረቤት ወይም ለማያገባው ባለሥልጣን አይገለጽም።

ልጃቸው በውጭ አገር ያለ ወላጆች ደግሞ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር፣ ልጁን የተቀበለውን ድርጅት ስም፣ የቀሩ ፎቶግራፎችንና ደብዳቤዎችን በአንድ ላይ ማስቀመጥ፣ የልጁን ሙሉ ስም ከአያቱ ስም ጋር ጽፎ መያዝ ይኖርባቸዋል። የሚፈላለጉ ሰዎች ሲገናኙ የስምና የዕድሜ መመሳሰል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሥጋ ዝምድናን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት «ልጃችሁን አግኝቻለሁ» ለሚል አገናኝ ገንዘብ መስጠትም፣ ዋናውን ሰነድ ማስረከብም ተገቢ አይደለም። ለጠየቀ ሰው ግልባጩ ይበቃዋል፤ ዋናው ከቤተሰቡ እጅ አይውጣ።